አንድ ሚሊዮን አንድ

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ደብተር ላይ ቁጥር ያካፍላሉ። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ዝም ማለት አላስቻላትም።

«አባባ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነዎት?»

«ኧረ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንቺስ?»

«ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ነው የምማረው።»

«ልጄም ሒሳብ ይወዳል። ሲሄድ፣ ‹አባዬ፣ አንድ ሚሊዮን አንድን ከራሱና ከአንድ በቀር እኩል የሚያካፍለው አለ? ወይስ ብቸኛ ቁጥር ነው? እስክመለስ ፈልግ፤ ካላገኘህ እነግርሃለሁ› አለኝ።»

«የት ሄደ?»

«በባሕር ሊሻገር። ከጅቡቲ አንዴ ደወለልኝ። ይኸው ሁለት ዓመቱ።»

«እስከ ስንት ሞከሩ?»

«እስከ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ብቸኛ ቁጥሮቹን ብቻ። ለአንዱም እኩል አይካፈልም። ቶሎ እንዳያልቅብኝ በወር አንዴ ብቻ ነው የምሞክረው።»

«ስልኬ እኮ አሁኑኑ ይነግረናል።»

«ተይው ልጄ። እሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

ልጅቷ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«ታዲያ አሁን ለስንት ነው የሚያካፍሉት?»

«ለዘጠና ሰባት።»

«ቀስ ብለው ያካፍሉ፣ አባባ።»

እኔም ስልኬ ላይ ጽፌው የነበረውን አንድ ሚሊዮን አንድ፣ አንድ አንድ አሃዝ እያልኩ አጠፋሁት።