መርገሬት በአባቷ ስም

በኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ዘር የሚቆጠረው በአፍ ነው። እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ማን ልጁን ይድራል? እና እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ቱክዊላ፣ ልጄ ቤት ቁጭ ብዬ ለልጇ ለሊያ ስቆጥርላት፣ ተሰማ፣ ወልዴ፣ ደስታ፣ ንጉሤ፣ ቸሬ፣ እንግዳ፣ ወሰን፣ ሰባት! አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማኝ።

ታዲያ የአባቷ አባት፣ ጋሽ ኢያን እንለዋለን፣ ጡረታ ወጣና ዘር መቁጠር ጀመረልሽ! ዘሮቹ ስኮትላንድ የገጠር ሰዎች ናቸው፣ በግ አርቢ፣ እንደኛው ገበሬ። ግን ቄሶቻቸው ክርስትናውንም ቀብሩንም ሲጽፉ ኖረዋል፣ እና እሁድ እሁድ ይመጣና ላፕቶፑ ላይ መዝገቡን ከፍቶ «ሊያ፣ ሉክ!» ይላታል፣ እዪ ሲላት ነው። የኔዋ ልጅ ከአጠገቡ አትነሳም። ሰባቱን ብጀምር «ኢማዬ፣ አይ ኖው»፣ አውቀዋለሁ ትለኛለች። ቀናሁ። ምን ያስዋሸኛል፣ ቀናሁ! ሰውየው ከአምስት ቤት አላለፈም እኮ!

አምስተኛው ላይ መርገሬት የምትባል ቅም አያቱ ጠፋችበት። የልጇ ክርስትና ላይ ስሟ አለ፣ የቀብር መዝገቡ ላይ ግን በባሏ ስም ቢፈልጋት የለችም። ሁለት እሁድ ሙሉ «ሺ ኢዝ ሎስት» እያለ ራሱን ሲያክ ዋለ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማለሁ፤ ነገሩ ገብቶኛል፣ ግን ዝም! ትጥፋበት አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በሦስተኛው እሁድ ሊያ ልታለቅስ ደረሰች። እና እኔም ዞር ብላ እንድታየኝ ብዬ፣ ለሌላ እንዳይመስልሽ፣ «ስሚ፣ ንገሪው» አልኩ፤ «ሴትዮዋ አገባች ተብሎ የአባቷን ስም ለምን ትጥላለች? እኔ ባሌን ቀብሬም የሺ ተሰማ አይደለሁ? በአባቷ ስም ይፈልጋት!»

ሰርች አደረገ። አገኛት! እዚያው ላይ አባቷም እናቷም ተጽፈዋል፤ ከዚያ የእናቷ እናት፣ ከዚያ የእሷ እናት... ዘጠኝ ቤት ገባ! እኔ ሰባት ላይ ቀረሁ፣ በገዛ አፌ!

ታዲያ ሊያ ስሞቹን የምትጽፍበትን ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ዞረችልኝ! «ኦኬ ኢማዬ፣ ዩር ማምስ?» አለች፣ እናቶችሽስ ማለቷ ነው። ሰባቱም ወንድ ናቸው እኮ፣ ልጄ። እናቴን አስካለ ብዬ ጠራሁ፣ የእሷ እናት ጋ ስደርስ ቆምኩ። እሜቴ ነበር የምንላት፤ አገሩም እሜቴ ነው የሚላት። አንድ ቀን ስሟን ጠይቄ አላውቅም። መርገሬት የበግ አርቢ ሚስት ሆና ስሟ ከነአባቷ ተቀምጦላታል። ያኔ ጋሽ ኢያንን ተውኩትና በመርገሬት ቀናሁ።

ሊያ ምን አደረገች? «እሜቴ» ብላ ጻፈቻት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል! ሂ ሂ ሂ!

ምን ያስቅሻል አንቺ? እስቲ የእናትሽን እናት ስም ንገሪኝ።

— እኛ... እምዬ ነው የምንላቸው፣ እማማ።