የሰደቃው ሳህን

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጭሮ የተመለስኩ ሰሞን ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ሐጂያ ፋጡማ ከሐጅ በሰላም ለመግባቷ ሰደቃ አውጥታ ጠራችኝ። ስደርስ ግቢዋ በር ላይ ቆማ፣ መሬት ለተቀመጡ ችግረኛ ሴቶች ሩዝ በሥጋ ታድላለች። ሳህን የደረሳት ሁሉ ከመቅመሷ በፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዱዓ ታደርግላታለች፤ ሐጂያም ዓይኗን ጨፍና “አሚን” ትላለች። መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ድርቁን ሸሽታ ከሚኤሶ የመጣች አሮጊት ነበረች። ሳህኑን ስትቀበል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣትም።

“ምን አልሽ? አልሰማሁም” አለቻት ሐጂያ። አሮጊቷ እንደገና ሞከረች፤ አሁንም የለም። “እንግዲህ ዱዓ የከበዳት ሰደቃዬን አትብላ” ብላ ሳህኑን ከእጇ ወሰደችባት። ዞር ስትል እኔን አየች። “ውይ እህቴ፣ መጣሽልኝ” ብላ ሳመችኝና ያንኑ ሳህን አስታቀፈችኝ። “ቅመሺ፣ በረካ አለው” ብላኝ ወደ እንግዶቿ ገባች።

ምን ልበላችሁ፣ ስለ ሰው ክፋት ያላነበብኩት የለም፤ እየሳመ የሚሠራውን ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። አሮጊቷ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳህኑን መለስኩላት። እስክትጨርስ ቀና አላለችም። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ ለሐጂያ ጤና፣ ለልጆቿም ዕድሜ ለመነች።

“ለሐጂያ ንገሪልኝ” አለችኝ፤ “አሁን ድምፄ መጣልኝ።”