በፀሐይ ከተማ የቀረችው

በግብፅ በረሃ፣ ሟቹ ንጉሥ ለፀሐይ አምላኩ ለአተን በቆረቆራት፣ አሁን ግን ሰው ሁሉ ጥሏት በሄደ ከተማ፤ ረፋድ ላይ የጥንቱ አምላክ የአሞን ካህን አሞናክት ታናሽ እህቱን ሄኑትን ሊወስድ ከአሞን ከተማ ከቴብስ በጀልባ መጥቶ ደጃፏ ላይ ከእሷ ጋር ይከራከራል።

ሄኑት፦ አልሄድም አልኩህ እኮ፤ ስንቴ ልበል? ይልቅ ነፋሱ ሳይቆምብህ ጀልባህን አዙርና ሂድ።

አሞናክት፦ ከማን ጋር ልትኖሪ? እዚህ እስክደርስ በመንገዱ ያገኘሁት አንድ ቀበሮ ብቻ ነው። እሱም አልሸሸኝም፤ እንደ ባለቤት ቆሞ አየኝ።

ሄኑት፦ ጎረቤቴ ነው። ከሰው ይሻላል፤ ጥሎኝ አልሄደም።

አሞናክት፦ ቀልዱን ተይው። ጉድጓዱ ሊደርቅ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ የለ፣ ሸክላ ሠሪ የለ። «የአምላክ ከተማ» ያላችኋት ይቺን ነው? ስሙን አተን በሉት እንጂ ለእኔስ እቶን ነው የመሰለኝ።

ሄኑት፦ ቃል ማጣመም ድሮም ታውቅበታለህ።

አሞናክት፦ ንጉሥሽ ከፀሐይ በቀር አምላክ የለም ብሎ የኛን ቤተ መቅደስ ዘጋ። ከዚያስ ለሕዝቡ ምን አበላው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ሄኑት፦ የኔን ላምስ ቀና ብትል ታያታለህ። ያችውልህ፣ አናትህን እያቃጠለችህ ነው። ያንተው አሞን ነው ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት የሚኖር። ከናንተ ከካህናቱ በቀር ማን አይቶት ያውቃል?

አሞናክት፦ እሱን እንተወው… ባልሽን አየሁት።

ሄኑት፦ ደኅና ነው?

አሞናክት፦ ድንጋይ ይጠርባል። እዚህ አተንን በቀረጸበት መሮ እዚያ አሞንን ይቀርጻል። ሌላም አግብቷል።

ሄኑት፦ እንደ ንጉሡ አጎንብሱ አይደል የሚባለው? አልፈርድበትም። እሱም ሲሄድ «ነይ» ብሎኝ ነበር፤ እንዳንተው እዚህ ደጃፍ ላይ ቆሞ። «ልጅቷስ?» ስለው መሬት መሬት አየ።

አሞናክት፦ ልጅቷ ሞታለች፣ ሄኑት።

ሄኑት፦ ማን አልሞተችም አለህ? በሽታው የገባ ጊዜ በእጄ ነው የቀበርኳት፤ እዚሁ ጓሮ።

አሞናክት፦ ታዲያ ምን ይዞሽ ነው?

ሄኑት፦ ንጉሡ ሲያስተምረን፣ ሙታን ወደ ታችኛው ዓለም አይወርዱም፤ ኦሲሪስ የሚባል የሙታን ዳኛም የለም ነው ያለን። ማታ መቃብራቸው ውስጥ ይተኛሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ተነሥተው ብርሃን ይሞቃሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጓሮ እወጣና አጠገቧ እቀመጣለሁ። «ነጋ፣ እናቴ» እላታለሁ። እዚህ አገር ይህን የሚላት ሌላ ሰው አልቀረም።

አሞናክት፦ ንጉሡ ተሳስቶ ቢሆንስ?

ሄኑት፦ የምፈራውስ እሱን አይደል! ልክ እናንተ ከሆናችሁ ልጄ የኦሲሪስን በር የሚያስከፍት ጸሎት ሳይደገምላት ነው የወረደችው። ከደጅ ቆማለች ማለት ነው፤ ያቺ ሕፃን፣ በጨለማ፣ ብቻዋን። ልክ ንጉሡ ከሆነ ደግሞ በየጠዋቱ ትነሣና እናቷን ትፈልጋለች። ካህን ነህ፤ እስኪ ንገረኝ፣ በየትኛው ጥያት ልሂድ?

አሞናክት፦ አላውቅም።

ሄኑት፦ ካህን ሆነህ?

አሞናክት፦ ካህን ሆኜ። ቤተ መቅደሱን ዘግተው ጡብ ሲያሸክሙኝ ሸክሙ ሥር ሆኜ አሞንን እጣራ ነበር። አይመልስልኝም። በሩ ስለተዘጋ ነው አልኩ። አሁን በሩ ተከፍቷል፤ መዝሙሩም ተመልሷል። ገብቼ ፊቱ እቆማለሁ። ያው ዝም ነው። ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ሄኑት፦ ለኔ ለምን ነገርከኝ?

አሞናክት፦ ለማን ልንገር? ማን አለኝ? እናታችንን እንኳ ብቻዬን ነው የቀበርኳት። መርዶ ላክሁብሽ፤ አልመጣሽም።

ሄኑት፦ ወደ ቴብስ ቀና ያለ ሁሉ «የአሞን ሰው» እየተባለ የሚታሰርበት ጊዜ ነበር። እሷስ… በመጨረሻ ጠራችኝ?

አሞናክት፦ ጠራችሽ። «መጣች?» ስትለኝ «መንገድ ላይ ናት» አልኳት።

ሄኑት፦ ወይኔ፣ ወንድም ጋሼ።

አሞናክት፦ ስሚኝ። ነገ አፍራሾቹ ይገባሉ። የአሁኑ ንጉሥ ትእዛዝ ነው፤ አተን የሚል ስም ያለበት ሁሉ ይፋቃል። ግንቡም፣ ሐውልቱም፣ የመቃብር ድንጋዩም።

ሄኑት፦ የልጄም?

አሞናክት፦ «ሄቴፓተን» የሚለው ስሟ አለበት አይደል?

ሄኑት፦ አባቷ ቀርጾበታል። ልጅ ናት እኮ! ልጅ ምን አድርጋ?

አሞናክት፦ አባታችንስ ምን አድርጎ ነበር? የናንተ ንጉሥ ሰዎች መቃብሩ ድረስ ገብተው ከስሙ ላይ «አሞን»ን ፈለፈሉት። ግማሽ ስሙን ታቅፎ ተኝቷል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

ሄኑት፦ አልሰማሁም ነበር።

አሞናክት፦ እንዴት ትሰሚ? ለዚህ ነው መላ ይዤ የመጣሁት። አጽሟን እናውጣና ስሟ ይለወጥ፤ «ሄቴፓሞን» ትባል። ከእናታችን አጠገብ አሳርፋታለሁ፤ ጸሎቱንም ራሴ እደግምላታለሁ። ማንም አይጠይቀንም።

ሄኑት፦ በዚያ ስም ተጠርታ አታውቅም። ያ ዳኛችሁ በሩን ከፍቶ «ሄቴፓሞን!» ቢል፣ እኔን ነው ብላ አቤት ትላለች?

አሞናክት፦ ስም ነው እንጂ…

ሄኑት፦ አንተንስ ያኔ አሞንን ከስምህ አውጥተው «ራናክት» አላሉህም? ሲጠሩህ ዞረህ ታውቃለህ?

አሞናክት፦ አልዞርም ነበር። ይገርፉኝ ነበር፣ አልዞርም።

ሄኑት፦ እሷን ማንም አይገርፋትም። ዝም ብላ እዚያው ትቀራለች።

አሞናክት፦ በራሷ ስም ብወስዳት ክህነቴ አበቃ። ከታወቀ ደግሞ ክህነቴ ብቻም አይደለም።

ሄኑት፦ አውቃለሁ። ሂድ የምልህም ለዚሁ ነው። ለኔ ብለህ አትጥፋ።

አሞናክት፦ እሺ፣ እኔ ልሂድ። ነገ እነሱ ሲመጡ ምን ልታደርጊ ነው?

ሄኑት፦ ድንጋዩ ላይ እተኛለሁ።

አሞናክት፦ ጎትተው ያነሡሻል።

ሄኑት፦ ያንሡኛ። ሲጎትቱኝ ስሟን እየጠራሁ ነው።

አሞናክት፦ …ምን ታህል ነበር?

ሄኑት፦ የወተት ጥርሷን መንቀል ጀምራ ነበር።

አሞናክት፦ እንግዲያው አትከብድም።

ሄኑት፦ ምን አልክ?

አሞናክት፦ ጀልባው ላይ አንቺ ትታቀፊያታለሽ። ጸሎቱን በስሟ ነው የምደግመው፤ በራሷ ስም፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ኦሲሪስ ካለ ይሰማል። ከሌለም እሷ ትሰማለች።

ሄኑት፦ ሰውስ ቢሰማ?

አሞናክት፦ ይስማ። መቆፈሪያ አለሽ?

ሄኑት፦ ከበሩ ኋላ። ቀስ ብለህ ቆፍር፣ ወንድም ጋሼ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ቆይታ በዚህ ሰዓት ሸለብ ያደርጋታል።