የራጅ አንሺው ምልክት

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚመራመሩ ምሁራን በየዓመቱ ወደሚሰበሰቡበት ጉባኤ ሄጄ፣ የመመዝገቢያው ሰልፍ አላልቅ ቢለኝ ኮሪደሩ ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አልኩ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ይከራከራሉ። የሰው ጨዋታ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬአለሁ፤ ጆሮዬ ግን ክፍል ገብቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ስምዎን አልጠራም አልኩ እኮ!» አለች ወጣቷ።

«ባትጠሪውስ? እዚያ ሆስፒታል ሠላሳ ዓመት ራጅ ያነሳ ከእኔ ሌላ ማን አለ? በስተርጅና መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው!»

ሽማግሌው መስማቴን አውቀው ኖሮ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን፤ የተማሩ ይመስላሉ» አሉኝ።

ነገሩን ያስረዳችኝ ግን የእህታቸው ልጅ ናት። የደረት ራጅ አይቶ የሳንባ በሽታ የሚለይ ፕሮግራም ሠርታለች። ያስተማረችውም አጎቷ ባነሷቸው ፊልሞች ነው። ፕሮግራሙ ከመቶ ዘጠና ስድስቱን በትክክል ለየላት፤ ጉባኤውም ጥናቷን እንድታቀርብ ጋበዛት። የሌላ ሆስፒታል ፊልም ስታሳየው ግን ታማሚውን ሁሉ ጤነኛ ይላት ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ ምክንያቱን ስትፈልግ ከረመች። ለካስ አጎቷ ክፉኛ የሚያስል ሰው ሲመጣ፣ ሐኪሙ ቶሎ እንዲያየው ብለው፣ በፊልሙ ጥግ ላይ የምትወጣ ትንሽ ብረት ያስቀምጡ ነበር። ፕሮግራሙ የለመደው ሳንባውን ሳይሆን ብረቷን ማየት ነው።

«ደም የሚተፋ ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ እያየሁ ዝም ልበል ኖሯል?» አሉ ሽማግሌው።

«እርስዎማ ደግ ሠሩ። ጥፋቱ ፊልሞቹን ስወስድ አንድም ነገር ያልጠየቅኩዎት የእኔ ነው።»

«እንግዲያው በጓዳ አስተካክይዋ! በእኛ ጊዜ ሰው አደባባይ የሚወጣው የሠራውን ይዞ ነው። ያን ሁሉ ምሁር ሰብስቦ ‹አልሆነልኝም› ማለት ምን የሚሉት ትምህርት ነው?»

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ እሳቸው አደላ። እኔም ያልተሳካ ጥናቴን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁና።

ወጣቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ፕሮግራም የሚሠሩ ብዙ ናቸው። እኔ ዝም ካልኩ አንዳቸው ሳያውቅ እንዲህ ያለውን ሥራ ላይ ያውለዋል። አንድ ቀን እንደዚያ የሚያስል ሰው ይመጣል። ብረቷን የሚያስቀምጥለት የእርስዎ እጅ ግን የለም። ጤነኛ ነህ ይባልና ወደ ልጆቹ ይመለሳል።»

ሽማግሌው እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተው ጥፍር የምታህል ብረት አወጡ፤ ያችው ናት፣ ጡረታ ሲወጡ ይዘዋት ወጥተዋል። መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ ቆዩ።

«ስሜን ትጠሪያለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ደግሞም ብቻሽን አትወጪም። ብረቷን ለማን፣ መቼና ለምን እንደማስቀምጥ አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ?»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም መድረክ ላይ ወጡ። እሷ ስህተቷን ሳታለባብስ ተናገረች፤ እሳቸው ብረቷን ከፍ አድርገው አሳዩ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ከኋላ አንድ ተመራማሪ ተነሥቶ «አባቴ፣ የእኛ ራጅ አንሺም የጠረጠረውን ሰው ፊልም ጥግ ላይ በእስክርቢቶ ያሰምርበታል። ይህም እንደዚያው ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ያው ነው እንጂ ልጄ! ለሐኪሙ እየጠቆመው ነው።»

ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። «የእኛው ፕሮግራም ሰኞ ሥራ ሊጀምር ነበር» አለና አስቁሙት ሊል ስልኩን ይዞ ወጣ።

ስህተትን በጉባኤ የመናገር ጥቅሙ ይኸው ነው። አንዱ የወደቀበትን ጉድጓድ ሌላው አይቶ ያልፈዋል፤ ፊልም ያነሳው ሰው የሚያውቀውን ይጠየቃል፤ ማሽኑ ምን አይቶ እንደሚፈርድ ይመረመራል። ከሁሉ በላይ ግን ስሙን የማናውቀው ያ የሚያስል ሰው በጊዜ ይታከማል።

እኔም በማግስቱ ወደ መሳቢያዬ ሄድኩ። ቁልፉ ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር፣ ሰብሬ ከፈትኩት።