የረቡዕ ሕመም

ጋሽ ብሎን የሚባሉት የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይታመማሉ። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ደንበኛም «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ይመለሳል። አንድ ረቡዕ የእህታቸው ልጅ፣ የምርምር ተቋም መሐንዲስ የሆነችው፣ መታመማቸውን መንገድ ላይ ሰማችና ብርቱካን ገዝታ በጓሮ በር ገባች። ሕመምተኛው እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አንድ የፓምፕ ጎማ ላይ አጎንብሰው ያፏጫሉ።

እጅ ከፍንጅ ተያዙ። እያፈሩም ቢሆን እውነቱን አወጡት፤ ረቡዕ የሙከራቸው ቀን ነው። አሸዋ ያለበት ውሃ የማይበላው ጎማ ለማግኘት አሥራ ዘጠኝ ዓይነት ሠርተዋል፤ አሥራ ዘጠኙም ተበላሽተው መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። ሃያኛው ግን ይኸው ዓመት ሙሉ ጠብታ አላፈሰሰም፤ አሁን የሚሞክሩት ከእሱም የሚበልጠውን ነው። ሽማግሌው ጎማ ሲያበላሽ ይውላል ከመባል ታመመ መባል ይሻላል ብለው ነው።

ልጅቱ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠና። ጋሽ ብሎን የአገሪቱ ምክር ቤት አባል ናቸው፤ ነገ በጀት ሲጸድቅ የእሷ ተቋም እንዲዘጋ እጃቸውን እንደሚያወጡ ከራሳቸው አፍ ሰምታለች። ሦስት ዓመት የደከመችበት፣ የጨዋማ ጉድጓድ ውሃ የማጣራት ሥራ ሊያልቅ ስድስት ወር ቀርቶታል።

«አጎቴ፣ ተቋሙ ምን በደለዎት?»

«ምንም። ግን በጠየቅናችሁ ቁጥር ‹እየሞከርን ነው› ትላላችሁ። ሕዝቡን የጠማው ውሃ ነው። የማጣሪያ ማሽኑን ከውጭ ገዝተን ለምን አንገላገልም?»

«ከውጭ የገዛነው ፓምፕ ጎማው የእኛን አሸዋ ቻለው?»

ጋሽ ብሎን የያዙትን ጎማ አገላበጡ። ፀጉራቸው የሸበተው ያንን ጎማ ሲቀይሩ ነው።

«እርስዎ በሳምንት ከስድስት የሥራ ቀን ግማሽ ቀን ለሙከራ ሰጥተዋል፤ ከመቶ ስምንት እጅ ማለት ነው» አለች። «መንግሥት ግን አገሪቱ በዓመት ከምታፈራው ሀብት ለምርምር የሚያወጣው ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። አንድ ጠባብ ሱቅ የቻለውን አገር ያቅታታል?»

«የእኔ ቢከስር የራሴ ነው፤ ያኛው የሕዝብ ነው።»

«ስለዚህ ይቆጣጠሩን፤ ምን ሞከራችሁ፣ ምኑስ ከሸፈ ብለው በየዓመቱ ይጠይቁን። ግን አንድ ሰው አሥረኛው ጎማ ላይ ‹በቃህ› ብሎዎት ቢሆን ኖሮ ሃያኛው ከየት ይመጣ ነበር?»

ጋሽ ብሎን መሳቢያውን ስበው የተበላሹትን ጎማዎች አንድ በአንድ ተመለከቱ። በሌላ ነገር ቢሆን እስኪመሽ ይከራከሩ ነበር፤ የተረቱት ግን በገዛ መሳቢያቸው ነው።

በማግሥቱ መሳቢያውን ታቅፈው ምክር ቤት ገቡና አሥራ ዘጠኙን ብልሽት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። የራሷን ችግር ራሷ የምትመረምር አገር ፓምፗን ለአሸዋዋ፣ ዘሯን ለአፈሯ፣ መድኃኒቷን ለበሽታዋ እንደምትሠራ፣ የተማሩ ልጆቿም ሥራ ፍለጋ ጥለዋት እንደማይሄዱ አስረዱ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በሦስት ድምፅ ብልጫ ተቋሙ ተረፈ፤ ከአገሪቱ ሀብት የምርምር ድርሻም በየዓመቱ እያደገ ከመቶ አንድ እጅ እንዲደርስ ተወሰነ።

ረቡዕ ደንበኞች እንደ ልማዳቸው ምሕረት ሊመኙላቸው ሲመጡ ሱቁን ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኙት።

«ድኛለሁ» አሉ ጋሽ ብሎን፣ ጎማውን ከእጃቸው ሳይለቁ። «ፓምፑን ግን ነገ አምጡት፤ ዛሬ እየሞከርኩ ነው።»