ዮሴፍ የባንክ አክሲዮን የገዛ ጊዜ

በእኛ ጊዜ አክሲዮን እንዲህ ስልክ ላይ ተጎንብሶ አልነበረም የሚገዛው፤ ናቲ ልጄ፣ እስቲ እሱን ነገር አስቀምጠውና ስማኝ። በሰው ነበር። ሰው ቤትህ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ጤናህ ይጠይቅሃል፣ ስለ ብርዱ ያወራል፣ እና መጨረሻ ላይ ሊሄድ ሲነሣ «ለካ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» ይላል። የእኛም እንደዚያ ነው የመጣው። ቆይ፣ ይህ ጉልበቴ... ትራሱን ወዲህ አድርግልኝ። እ... በቃ፣ ደህና ነው።

ቅድም ምን ነበር ያልከኝ? ፒ ምን?

«ፒ ኢ ሬሺዮ፣ እማማ። የአንዱን አክሲዮን ዋጋ አክሲዮኑ በዓመት ላተረፈው ማካፈል ነው። የባንክ አክሲዮን ውድ ይሁን ርካሽ በእሱ ይታያል።»

እሱማ አዲስ ነገር መሰለህ? ባንክ ቤት ስለገባህ አንተ የጀመርከው መሰለህ? አያትህ ያውቀው ነበር እኮ። ስሙን አያውቅም እንጂ ነገሩን ያውቀዋል። አያትህ ዮሴፍ ልብስ ሰፊ ነበር፣ እዚሁ ጉለሌ፣ ወደ ቀጨኔ በሚወጣው ዳገት አፍ ላይ። ታዲያ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ሲገዛ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው፤ «ዋጋዋን በስንት ዓመት ትመልሳለች?» ነው የሚለው። በዓመት የምታስገባውን ያስባል፣ ዋጋዋን ለእሱ ያካፍላል፣ ሁለት ዓመት ከሆነ ይገዛል፣ አምስት ዓመት ከሆነ «ትቅርብኝ» ይላል። ያ ነገር አያትህ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሁሉን በእሱ ነው የሚለካው። አንዴ ዶሮ ገዝቼ ብመጣ «ይህቺ ዋጋዋን በስንት ወር ትመልሳለች?» አለኝ። «ዮሴፍ፣ ለወጥ ነው የገዛኋት» አልኩት። እንዲህ ነበር።

የምንኖረው በኪራይ ነው። ፊት ለፊት ሱቁ፣ ከጀርባው አንድ ክፍል፣ ከዚያ ማድቤት። አከራያችን እትዬ ብርቄ ትባላለች፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ቤቶቹ ሁሉ የእሷ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ግን አንድ ነገር አላት፤ ግድግዳዋ ላይ ምስማር አታስመታም። በቃ አታስመታም። «አስቴር፣ ጭቃው ይረግፍብኛል፣ ምስማር እንዳላይ!» እና ልብሳችን ከበሩ እስከ መስኮቱ በተወጠረ ገመድ ላይ ነው። ለሰርጌ የተሰጠኝ ትልቅ መስታወት አለ፣ አየኸው ይሆናል ፎቶ ላይ፣ እሱ ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ፀጉሬን የማበጥረው ተንበርክኬ ነው፣ ናቲ። አዲስ ሙሽራ ተንበርክካ ስታበጥር። እናትህን አርግዤ ሆዴ ሲገፋ ደግሞ መንበርከኩም አቃተኝ።

ታዲያ ንጉሡ የወረዱ ሰሞን፣ ደርግ ገና መግባቱ ነው፣ እትዬ ብርቄ አንድ ቀን መጣችና በሩ ላይ ቆማ «አስቴር፣ ዘመኑ አላማረኝም። ይህቺን ቤት ልሸጣት ነው፣ ለማላውቀው ከምሰጥ ለእናንተ ልስጥ» አለችኝ። ያጠራቀምናት ገንዘብ ለእሷ ትበቃለች። ለእሷ ብቻ። ያን ቀን እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ? ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ። መስታወቴን የት እንደምሰቅለው አየሁ፣ ምስማሩ የት እንደሚገባ በጣቴ ነካሁት። ለእኔ ቤቱ ተገዝቶ አልቋል።

እና በዚያው ሳምንት አቶ ወርቁ መጣ።

አቶ ወርቁ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ለአያትህ ጨርቅ የሚያቀርበው እሱ ነው፣ የጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነው። ተቀመጠ፣ ስለ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ብርዱ አወራ፣ ሊሄድ ተነሣና «ለካ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር፣ ወንድም ዮሴፍ» አለ። ድምፁ ቀስ ያለ ነው፣ ሲናገር እንዲህ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። «የባንክ አክሲዮን አለኝ፣ ልለቀው ነው። ወረቀቱ ላይ መቶ መቶ ብር ይላል፤ እኔ በሠላሳ በሠላሳ እለቀዋለሁ። ከውጭ ሰው ይልቅ ለወንድም ይሁን ብዬ ነው።» ባንኳ ትንሽ ናት፣ በአንድ ጠቅላይ ግዛት ያሉ ነጋዴዎች ተሰባስበው ያቆሟት፣ እዚህ አዲስ አበባ አንድ ቅርንጫፍ ነበራት። ስሟ ይቅር፣ አሁን ማን ያስታውሳታል።

አቶ ወርቁ እንደወጣ አያትህ ጠመኔውን አነሣ። ወረቀት አይፈልግም፣ ለአንድ ሰው ኮት ሊሰፋ የቆረጠው ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቷል፣ እሱ ላይ ይጽፋል።

«አየሽ አስቴር፣ አንዱ አክሲዮን አምና አሥር ብር አትርፏል። በመቶ ብር ብገዛው ስንት ዓመት?»

«አሥር።»

«በሠላሳ ብገዛውስ?»

«ሦስት።»

«ሦስት! የእትዬ ብርቄን ቤት ደግሞ ከምንከፍላት ኪራይ ጋር አስቢው። አሥራ ሁለት ዓመት። የቱ ይሻላል?»

ምን ልበል? ማካፈሉ ልክ ነው። እስከ ዛሬ ልክ ነው። «መስታወቱስ?» አልኩት። ሳቀ። «ሦስት ዓመት ጠብቂኝ። በሦስት ዓመት ገንዘባችን ተመለሰ፣ ቤቱን ገዛን፣ አክሲዮኑ ደግሞ በትርፍ እጃችን ላይ ቀረ።» እንዲህ ሲያወራ ጥሩ ነበር፣ ምን ያደርጋል፣ አያትህ ሲያወራ ያምር ነበር።

«እማማ፣ ባንክ እኮ ያተረፈውን ሁሉ ለባለ አክሲዮን አይከፍልም። የተወሰነውን ያስቀራል።»

አሁን ነው የምትነግረኝ? እሱንም አላወቅንም። ግን ያ አይደለም የጎዳን።

ስማኝ፣ እዚህ ጋ ስማኝ። አንድ ጥያቄ አለ፣ እሱን ማንም አልጠየቀም። መቶ ብር የተጻፈበትን ወረቀት፣ በዓመት አሥር ብር የሚያመጣለትን፣ አቶ ወርቁ በሠላሳ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ነጋዴ ነው እኮ። ማካፈል ከአያትህ በላይ ያውቃል። እንዴት አይጠየቅም አትለኝም? አይጠየቅማ። በእኛ ጸሎት ቤት ወንድም ለወንድሙ ነገር ሲያመጣ «ለምን?» አይባልም። «ለምን» ካልክ «አላመንኩህም» አልክ ማለት ነው። ሌላ ነጋዴ፣ ከገበያ የመጣ ሰው ቢሆን አያትህ አፍ አፉን ነበር የሚለው። አንድ ሜትር ጨርቅ ሲገዛ በብርሃን አይቶ፣ ጎትቶ፣ አሽትቶ ነው። አቶ ወርቁ መልስ ሊሰማ ሲመጣ ግን ምን አለው? «እንጸልይበት» አለው። በቃ። ጸለይን። ሦስታችን ቆመን፣ አቶ ወርቁ ራሱ መራን፣ ረጅም ጸሎት ነው የጸለየው፣ መሐል ላይ ድምፁ ያዝ አደረገውና ዝም አለ። እኔ መንፈስ ቅዱስ ነክቶት ነው ብዬ እንባዬ መጣ። አሜን አልን። በማግስቱ ባንኳ ድረስ ሄደው አክሲዮኑ በአያትህ ስም ዞረ።

እትዬ ብርቄን የነገርኳት እኔ ነኝ። «እንግዲህ የእናንተ ጉዳይ ነው» አለች። ሌላ ገዢም አላገኘች። ማን ይገዛል በዚያ ሰሞን፣ ሁሉም ገንዘቡን ይዞ ያያል።

እና ብዙም አልቆየም። ገና ሊደርስ ሲል ነው። ሬዲዮኑ ሱቁ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ነው፣ እኔ ከጀርባ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ባንኮች ሁሉ፣ የግል የሆኑት ሁሉ፣ ከእንግዲህ የመንግሥት ናቸው ተባለ። የስፌት መኪናው ድምፅ አልቆመም። አልሰማም ይሆን ብዬ ብቅ ብል አያትህ ይሰፋል፣ እግሩ ይረግጣል፣ ጨርቁ ግን አልቋል። ጨርቁ አልቆ ወዲያ ወድቋል፣ መርፌዋ ባዶዋን ትወጣለች ትገባለች። «ዮሴፍ» አልኩት። «እየሰማሁ ነው» አለኝ። እና መርገጡን አላቆመም።

ካሳ ይከፈላል ተብሎ ነበር። ሄደ፣ ጠብቁ አሉት። ደግሞ ሄደ፣ ጠብቁ አሉት። ዩኒፎርም የለበሰው ሁሉ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ይለዋል፣ እሱም «ትቅደም» ብሎ ይመለሳል። በኋላ መሄዱን ተወው፣ እኔም ሂድ ማለቱን ተውኩት። ሰው ይደክመዋል፣ ናቲ። ቁጣም ይደክማል።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ይበቃዋል፣ የተረፈው የመንግሥት ነው። ለእትዬ ብርቄ የምትተኛበት ቀረላት፣ የእኛም የጎረቤቶቻችንም ለቀበሌ ሆነ። ገባህ አይደል? ገዝተነው ቢሆን አንድ ቤት ነው ያለን፣ ማንም አይነካንም ነበር። እሷም ዋጋዋን ይዛ ነበር። አንዱ ወረቀት ሁለት ቤት አፈረሰ። ቤቱ ግን ቆሟል፣ እኛም ውስጡ ነን፣ ኪራዩን አሁን ለቀበሌ ነው የምንከፍለው፣ እንዲያውም ቀንሷል። ሰው «እድለኞች ናችሁ» ይለን ነበር።

ያን ሰሞን እትዬ ብርቄ መጣች፣ እንደዚያ ቀን በሩ ላይ ቆመች። እናትህ ጀርባዬ ላይ ናት። ቤቱን አየችው፣ ገመዱን፣ ወለሉ ላይ ያለውን መስታወት። «በይ እንግዲህ ምስማርሽን ምቺ፣ አስቴር» አለችኝ። «ከእኔ እጅ ወጥቷል።» አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ፣ ለአክሲዮኑ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። ምስማሩንም አልመታሁም። እሷ በሕይወት ሳለች እዚያ ግድግዳ ላይ ምስማር አልመታሁም፣ እጄ እምቢ አለኝ። ተንበርክኬ ነው ያበጠርኩት።

አያትህ ታዲያ አንድ እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ፣ አቶ ወርቁን ደጅ ላይ ጠበቀው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ይጮህበታል ብዬ ፈርቻለሁ። እሱ እቴ፣ ቀስ ብሎ ነው የጠየቀው።

«ወንድም ወርቁ፣ ያን አክሲዮን ለምን ነበር የሸጡት?»

አቶ ወርቁ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አንድ ዘመዴ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ባንኮቹ ሊወሰዱ ይችላሉ የሚል ወሬ ሰምቶ ነገረኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅኸኝም» አለው። «ብትጠይቀኝ አልዋሽህም ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ስንጸልይ ይጠይቀኛል ብዬ ጠብቄህ ነበር።»

እና እኔ አመንኩት። ይገርምሃል፣ አመንኩት። አይዋሽም ነበር። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያደክመኝ። ሌባ ቢሆን ረግሜው አርፍ ነበር፣ እሱ ግን ጥያቄ የሚጠብቅ ሰው ነው። አያትህ «እሺ» አለው። እጁን ጨበጠው። ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆም አለና «ያካፈልኩት ያለፈውን ትርፍ ነው፣ አስቴር። ዋጋው የወረደው ግን በሚመጣው ነው» አለኝ። ያኔ አልገባኝም፣ በኋላ ነው የገባኝ።

ከዚያ ወዲህማ አያትህ ሰው አስቸገረ። ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ፊት ቆሞ «ለምንድን ነው የምትሸጪው?» ይላል። «ልጆቼን ላበላ ነዋ፣ ምን ዓይነት ሰውዬ ነው!» ትለዋለች። «እሺ፣ ስጪኝ» ይላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ነው የምሄደው። እስኪሞት ድረስ ጠየቀ። ጥያቄው ግን ጊዜው አልፎበታል፣ ለቲማቲም ምን ያደርጋል።

እና አንተ ያ የነገርከኝ ባንክ ሦስት ነው አይደል ያልከኝ? ከሌሎቹ ሁሉ ርካሽ ነው ነበር ያልከኝ? ማካፈልህ ልክ ነው፣ አልጣላህም። ግን አትቸኩል። ሻጩን ፈልገውና ለምን እንደሚሸጥ ዓይን ዓይኑን እያየህ ጠይቀው።

«እማማ፣ እኔ እኮ ልገዛ አይደለም።»

ታዲያ?

«ልሸጥ ነው። የእኔ አክሲዮን ነው። ባንኩ ውስጥ ስለምሠራ... ማለቴ፣ የሚመጣው ዓመት እንደ አምናው እንደማይሆን እናውቃለን፣ ገና አልተነገረም እንጂ። ሊገዛኝ የተስማማው አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። እሱም አካፍሎ ነው፣ ሦስት ነው ብሎ ደስ ብሎታል።»

አይ ዮሴፍ... አይ ዮሴፍ። ልሳቅ እንጂ ምን አደርጋለሁ። እና ጠየቀህ? ለምን እንደምትሸጥ ጠየቀህ?

«አልጠየቀኝም፣ እማማ።»

በል ስልክህን አንሣ። ቅድም አስቀምጠው ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አሁን አንሣውና ደውልለት።