እሸት ቦሎቄና በረዶ ውሃ

ከእሳት ይልቅ ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈራን ሰው በምን ማሳመን ይቻላል? ሃሲንታ ሆላንድ ሄዳ ስለ ምግብ አያያዝ ስትማር ይህን ጥያቄ ያነሳላት መምህር አልነበረም። ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ካቻፖአል ሸለቆ ከተመለሰች ወዲህ «ልቆይ ወይስ ልሂድ» እያለች ስትዋልል፣ በጥር አንድ ጠዋት በመስኖው ቦይ ዳር ስታልፍ ጎረቤቷን ዶኛ ኦቲሊያን አገኘቻቸው። አሮጊቷ ከፍሪዘር ያወጡትን ያምና እሸት ቦሎቄ ለዶሮዎች እየበተኑ ነበር። ዶሮዎቹ አንዴ ቀመስ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ እነሱም ናቁት» አሉ። «ይህ ሳጥን ውሸታም ነው። በጥር እሸት ሰጥቼው በሐምሌ ገለባ መለሰልኝ።»

ነገሩ የዶሮ ብቻ አልነበረም። ልጃቸው ዋልዶ በደቡብ ባሕር በዓሣ መርከብ ላይ ይሠራል፤ እረፍት የሚያገኘውም በክረምት ብቻ ነው። እሸት ቦሎቄ ከዱባ፣ ከበቆሎና ከበሶብላ ጋር የሚሠራውን የበጋ ወጥ በወጉ ከቀመሰ ዓመታት አልፈዋል። አምና ቢቀርብለት ሁለት ማንኪያ ወስዶ ሳህኑን በትሕትና ገፋ አደረገና ዳቦ በላ። እናቱን ያቆሰላቸው ያ ትሕትና ነበር። ዘንድሮም እንዲያው ከሆነ፣ ቤቱ ልጃቸውን የሚጠራበት ነገር ያጣል ብለው ይሰጋሉ።

ሃሲንታ ጥሬውን ጨምረውት እንደሆነ ጠየቀች።

«ታዲያ ልቀቅለው? ከቀቀልኩትማ በልቼው እገላገላለሁ።»

«ፍሬው ከተለቀመም በኋላ ሥራውን አያቆምም፣ ዶኛ ኦቲሊያ። ብርዱ ያስተኛዋል እንጂ አያስቆመውም፤ ተኝቶም ቀስ እያለ ጣዕሙን ይበላዋል። የፈላ ውሃ ውስጥ ገንፈል ካደረጉት ግን ያ ነገር ይቆማል። ከዚያ ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ...»

«እዚያ ላይ ቁሚ» አሉ አሮጊቷ።

የገንፈሉን ነገር ተቀበሉ፤ በረዶውን ግን በጭራሽ። እህታቸው ቤርታ ልብስ ስትተኩስ ውላ በጋለ እጇ ቀዝቃዛ ውሃ ነክታ አፏ ተጣሞ ቀርቷል። በዚያ አገር ከሙቀት ወደ ብርድ የዘለለን ሰው ብርድ ይመታዋል፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ሃሲንታ ፍሬው ካልቀዘቀዘ በሚታሸግበት ላስቲክ ውስጥም መብሰሉን ይቀጥላል፣ ይላሽቃል፣ ይኮመጥጣል እያለች ብዙ አስረዳች። ዶኛ ኦቲሊያ በጨዋነት አደመጡና ትምህርቷ ጥሩ መሆኑን፣ እሷ ግን ገና ልጅ መሆኗን ነገሯት።

የተማረ ሰው ሲሸነፍ ወይ ይቆጣል ወይ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሃሲንታ ሌላ መንገድ ፈለገች። ዓይኗም ከመስኖው ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አረፈ፤ አሮጊቷ በአመድ ውሃ የሚቀቅሉት የስንዴ ንፍሮ የሚላጥበት ነው።

«ንፍሮውን ከአመዱ ሲያወጡት የት ይከቱታል?»

«ቦዩ ውስጥ ነዋ። ካልቀዘቀዘ መች ይላጣል።»

«ብርድ መትቶት ያውቃል?»

«ንፍሮ አፍ አለው እንዴ የሚጣመም?» አሉና ራሳቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ግን እጃቸውን ዘርግተው አሳዩአት። «እኔ ለቦሎቄው መቼ ፈራሁ? ለዚህ ነው። እንፋሎት ላይ የዋለ እጅ ነው።»

ያን ጊዜ ሃሲንታ ያልሰማችውን ሰማች። ሳይንሷ ስለ ፍሬው ሲናገር፣ የአሮጊቷ ሥጋት ስለ እጃቸው ነበር።

«እንግዲያው እሳቱ የእርስዎ፣ በረዶው የእኔ ይሁን። ንፍሮውንስ ቢሆን ቦዩ ዳር ሆኖ የሚልጥልዎ ሌላ ሰው አይደል?»

ዶኛ ኦቲሊያ የቀረውን ቦሎቄ ለዶሮዎቹ በተኑ። «ነገ ነይ። ጨዋታ ይዘሽ ነይ፤ ለበረዶው ባዶ እጅሽ ይበቃል።»

በማግስቱ ከወይኑ ዳስ ሥር ተቀምጠው እሸቱን ፈለፈሉ። አሮጊቷ ፍሬውን በማጥለያ ወደሚንተከተከው ውሃ እያወረዱ፣ ውሃው ዳግም ሲፈላ ጊዜውን ለመለካት ጸሎተ ሃይማኖትን ሁለቴ ቀስ ብለው ደግመው ያወጣሉ፤ ሃሲንታ ተቀብላ በረዶው ውስጥ ትነክራለች፤ ልቡ ድረስ ሲቀዘቅዝ አጥልላ በጨርቅ ታደርቃለች፤ አየሩን ከላስቲኩ አስወጥታ ታስራለች። የማንም አፍ አልተጣመመም፤ እንዲያውም ሐሜቱ እስኪመሽ ቀጠለ።

በሐምሌ ዋልዶ መጣ። ወጡን ቀመሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ ድስቱን በዳቦ ጠረገ። ዶኛ ኦቲሊያ ለጎረቤት ሁሉ የሚናገሩት አሁን ይህን ነው፦ በጋ የሰጠው አይጣልም፣ ክረምት ላይ የራስን ማሳ መብላት ይቻላል፣ ጣዕሙም ቀለሙም ይቆያል፤ ብቻ እሳቱና በረዶው የየራሳቸው ሰው ይኑራቸው።

የዋልዶ መርከብ ከሄደ በኋላ ሃሲንታን አስጠርተው፣ በስልክ ለዋልዶ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አሏት። «ልጄ፣ ለሚመጣው ሐምሌ ላስቀምጥልህ ወይስ እሸቱን ራስህ በጥር መጥተህ ትፈለፍላለህ?»

ላከችው። መልሱ ሳይመጣ ሃሲንታ «መጣም ቀረም፣ በጥር በረዶው የእኔ ነው» አለቻቸው።